የአምስት ዶላር ጋዜጣ

ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው በብዕሩ ብቻ ማደር ይችላልን? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው አሜሪካዊውን ጋዜጠኛ አይ. ኤፍ. ስቶንን ነው። ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ። ዘመኑ በኮሙኒስትነት የተጠረጠረ ሁሉ የሚታደንበት ነበርና ግራ ዘመሙን ስቶንን የሚቀጥር አልተገኘም። በጥር 1953 በዋሽንግተን በራሱ ስም አንዲት ቀጭን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ማስታወቂያ አልነበራትም። ዓመታዊ ክፍያዋ 5 ዶላር፣ የመጀመሪያ ደንበኞቿም ወደ 5,300 ገደማ ነበሩ፤ እነርሱንም ያገኘው ከተዘጉ ጋዜጦች የደንበኛ መዝገብ ነው። ሥራውን የምታስተዳድረው ባለቤቱ ኤስተር ነበረች (ታሪኩን የሚያወሱ ብዙዎች እርሷን ይዘነጋሉ)።

ባለሥልጣናት ቢሸሹት ሰነዶቻቸውን ያነብ ነበር። በ1957 ከመሬት በታች የተደረገው የኑክሌር ሙከራ ንዝረት ከ200 ማይል አልዘለለም ብሎ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሲያስታውቅ፣ ስቶን የመንግሥትን የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች ጠየቀ። ንዝረቱ ለካ አላስካ ድረስ ተመዝግቧል! ኮሚሽኑም መግለጫውን አረመ። በእኔ እምነት ይህ ድፍረት ከባሕርይው ይልቅ የመነጨው ከዚያ የደንበኛ መዝገብ ነው፤ የሚቀየም ማስታወቂያ ሰጪ አልነበረውምና። በጤና ምክንያት በ1971 ጋዜጣዋን ሲዘጋ ደንበኞቿ 70,000 ያህል ደርሰው ነበር።