ቱርኩ አማርኛ ሲችል

ወገኖቼ፣ ጎሮም ያላችሁም ጋምቤላ የቀራችሁም፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጁባ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጇ መልኬን አይታ «ውይ፣ አማርኛ ትችላለህ?» አለችኝ። ከራሷ በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ቱርክ አባት ልጁን ጥርት ባለ አማርኛ ይቆጣል። እሱን ማንም አልጠየቀውም።

ፈረንጆች ተከታታይ ድራማን በሳሙና ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ሲስፋፋ ወጪውን ይሸፍኑ ከነበሩት ዋነኞቹ የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ ነው። ሳሙና የምትገዛው የቤት እመቤት ናት ተብሎ ታሪኩም ከቤት አይወጣም፦ ሳሎን፣ የተደበቀ ልጅ፣ ውርስ፣ ክህደት። ምስጢሩ ሊወጣ ሲል «ይቀጥላል» ይባላል።

የእኛም አገር ድራማ ከዚህ አይርቅም። «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን በኢቲቪ የተከታተለ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አበበ ባልቻ የሚጫወተውን የአስናቀን ተንኮል ለማየት ላውንጅ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ቆመን እናመሽ ነበር። አስናቀን ጠልቼ አልጠግብም! ግን እኔ ባየኋቸው ክፍሎች፣ በዚያ ሁሉ ሳሎን ሐኪም ወይም ጠበቃ የሆነ አኙዋክ ወይም ኑዌር ሲገባ አላየሁም። ክፉ ባለሀብት እንኳ ቢያደርጉን ምን ነበረበት? ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ቢያንስ ቦታ አላት፤ ያውም አነጋገሯ ለሳቅ እየዋለ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከፍቶ የቱርክን ድራማ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሲያቀርብ፣ ብዙ አርቲስቶች ባህል ይበርዛል፣ ሥራችንንም ይሻማል ብለው ተቃወሙ። ስለ እንጀራቸው ያሉት እውነት ነበረው። ስለ ባህሉ ግን እኔ ሌላ ነገር ታዘብኩ። ቱርኩ እስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ተውሶ በአንድ ሌሊት የቤት ሰው ሆነ። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬበት፣ ፈተና ተፈትኜበት፣ አሁንም እንግዳ ነኝ።

የእህቴ ልጅ እዚህ ነው የተወለደው፤ አማርኛ የለመደው ከቃና ነው። አንድ ማታ ከስክሪኑ ዞር ብሎ «አጎቴ፣ ኢትዮጵያውያን እንደነዚህ ናቸው?» አለኝ። ቱርኮች ናቸው ብዬ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እኛስ የትኛው ላይ ነው ያለነው?» አለ። አስተማሪ ነኝ፤ መልስ አጣሁ።

ለአስተናጋጇ ግን «ከቱርኩ በፊት ነው የተማርኩት» አልኳት። ሳቀች፤ ሽሮውንም ጨመረችልኝ።

የእኛን ሰው ከበረኛነት ባለፈ ቦታ በድራማ ያያችሁ ካላችሁ፣ የድራማውን ስም ጻፉልኝ። ልጁ እየጠበቀኝ ነው።