ሰም፣ ልባጥና «ሴራሚክ»፦ የመኪና ቀለም መጠበቂያዎች ስያሜ አጭር ታሪክ

የሙያ ቃላት ታሪክ ከዕቃዎቹ ታሪክ ተነጥሎ ሊጠና እንደማይችል የታወቀ ነው። ዕቃው ተለውጦ ስሙ እንዳለ ይቀራል፤ ወይም ዕቃው ሳይለወጥ ነጋዴው አዲስ ስም ያወጣለታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የመኪና ቀለም መጠበቂያ ነው። የመኪናው ባለቤት ቀለሙን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቅለትን ሲመርጥ የሚያነበው በጣሳው ላይ የተጻፈውን ቃል ነው። ስለሆነም ተርጓሚው የሚያሰፍረው ስያሜ የገዢውን ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀለሙን ራሱን የሚነካ ይሆናል።

በጋራዦቻችን የሚነገሩት ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎና የመሳሰሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። ሰም ግን ከመኪና በፊት የነበረ ቃል ነው። ጧፍ ይሠራበታል፤ ወርቅ አንጥረኛውም የጌጡን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ያበጅና በሸክላ ጭቃ ሸፍኖ ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም ስፍራውን ይይዛል። በቅኔም ሰም የላይኛው፣ ወርቅ የውስጠኛው ምሥጢር ነው። በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ እንግዲህ ሰም ላይ ላዩን የሚታይና ዘለቄታ የሌለው ነገር ነው። ይህ ግንዛቤ ለመኪናውም ሰም የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መኪና እንደ ሠረገላ በቀለምና በቫርኒሽ በብሩሽ ይቀባ ስለነበር ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» የተሰኘውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ አቀረበ፤ የ1924 ኦክላንድ መኪናዎችም በዚሁ ተቀቡ። የመድረቂያው ጊዜ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረደ። ይሁን እንጂ ቀለሙ ፀሐይ ላይ እየዋለ ስለሚደበዝዝ በየጊዜው መወልወልና ሰም መቀባት ግድ ሆነ።

ከሰሞቹ ሁሉ ስመ ጥሩው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ካርናውባ ከ82 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ ከቀለሙ ጋር የማይዋሐድ በመሆኑ በዝናብና በሳሙና እየታጠበ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ያልቃል። በዚያው ዘመን «ሲሞናይዝ» የተባለው የንግድ ስም በአሜሪካ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ተራ ግሥ ሆኖ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ፤ ትርጉሙም በሰም ማብራት ማለት ነው። እነሆ የሠሪው ስም የሥራው ስም ሆነ።

በእኛ ዘንድ ተመሳሳይ መደበላለቅ የሚታየው «ፖሊሽ» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ቀለሙን በሚፈገፍግ ቅባት ማለስለስ ሲሆን ይህ ከቀለሙ ጥቂት ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ሰም መቀባት ሲሆን ይህ በቀለሙ ላይ ይጨምራል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተስፋፋው የሁለት ንብርብር አቀባብ የላይኛው ብርሃን አስተላላፊ ንብርብር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። «ቀለሙን ለማስጠበቅ» እያለ ደጋግሞ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው የሚጠብቀውን ንብርብር እያስፋቀ ሊሆን እንደሚችል ቃሉ አይነግረውም።

ሰው ሠራሽ መጠበቂያዎች ከመጡ በኋላ ደግሞ ስያሜው የተስፋ ቃል ሆነ። በ1938 እ.ኤ.አ. የተገኘው ቴፍሎን በመኪና መወልወያ ጣሳዎች ላይ ስሙ ሲጠራ ኖሯል፤ ነገር ግን ይህ ቁስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑ፣ በመጥበሻ ላይ እንደሚጣበቀው በመኪና ቀለም ላይ ሊጣበቅ አይችልም። ቀለሙ አስቀድሞ ይቃጠላልና።

በዛሬው ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው «ሴራሚክ» ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ መሠረቱ የሸክላ አፈር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ሴራሚክ ሲባል የወለል ንጣፍ ይታየዋል፤ «የሸክላ ሽፋን» ብለን ብንተረጉመውም ጀበናና ማሰሮ ይመጣብናል። ዕቃው ከሁለቱም አይደለም። ሸክላ በእሳት ይተኮሳል፤ ይህኛው የሲሊኮን ውሑዶችን የያዘ ፈሳሽ ሆኖ በተራ የአየር ሙቀት የሚጠጥር፣ በጥቂት ማይክሮሜትር የሚለካ ስስ ንብርብር ነው። ከቀለሙ ጋር ስለሚያያዝ ከሰም ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ፣ በጥሩ አያያዝም ዓመታት፣ ሊቆይ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው «9ኤች» የሚለው ምልክት ነው። ይህን «ዘጠነኛ የጥንካሬ ደረጃ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ሞስ መለኪያ ይወስደዋል፤ በዚያ መለኪያ አልማዝ 10 ነው። ምልክቱ ግን የእርሳስ ጥንካሬ ነው፤ ሽፋኑን 9ኤች የተባለው እርሳስ አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ የሚገኘው የኳርትዝ አሸዋ በሞስ 7 በመሆኑ በደረቅ ጨርቅ ሲታሸት ሽፋኑን ይጭረዋል። «በእርሳስ ፍተሻ 9ኤች» ብሎ መተርጐም ስያሜውን ቢያስረዝምም እውነቱን ይጠብቃል።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። ከዕፅዋትና ከንብ ለሚገኘው «ሰም»፤ ለወራት ለሚቆየው ሰው ሠራሽ መጠበቂያ «ሠራሽ ሰም»፤ ለሲሊኮኑ ሽፋን «የሲሊካ ልባጥ»፤ ለሚፈገፍገው «ማለስለሻ» ይባል። ልባጥ ከሥሩ ነገር ጋር ተጣብቆ የሚኖር ስስ ንብርብር በመሆኑ፣ የወርቅ ልባጥ እንደምንለው፣ ለዕቃው የተገባ ነው። «የለበጣ ሳቅ» ከዚሁ ግሥ የተገኘ መሆኑን በመጥቀስ የሚቃወሙ ይኖራሉ። ይህ ግን ቃሉን የሚያስጥል አይመስለንም፤ ልባጥ የላይ እንጂ የውስጥ እንዳልሆነ ገዢው ቢያስታውስ አይጎዳም።

«ዘላለማዊ» እና «የዕድሜ ልክ» የሚሉት ቅጽሎች ግን የማን ዕድሜ እንደሆነ፣ የመኪናው ወይስ የሽፋኑ፣ ካልተገለጸ በቀር በትርጉም ሥራ ውስጥ ስፍራ ሊሰጣቸው አይገባም። ስያሜው ቁሱን ይንገር፤ የቆይታውን ጊዜ ቁጥር ይንገር።