ከሉሕ እስከ ስልክ፦ በኢሉባቦር ቤቶች ልጅ ሲያነብ ማን ይሰማው ነበር?



ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌና ከያዮ ወላጆች ሁለት ጥያቄ ይመጣልናል። አንዱ «ልጄ 3ኛ ክፍል ደርሷል፤ መጽሐፉ በቁቤ ነው፤ እኔ የማውቀው ፊደል ነው፤ ምን ብዬ ልርዳው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ስልኩን ከእጁ ማስጣል አቃተኝ፤ ምን እንደሚያይም አላውቅም» ይላል። እስካሁን ሁለቱን ለየብቻ ስንመልስ ኖረናል። ወደ ኋላ ሄደን የአካባቢያችንን ታሪክ ስናይ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሆነው አገኘናቸው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሡን።

እስልምና ወደ ኢሉባቦር ከገባባቸው መንገዶች ዋነኛው ከጊቤ በኩል የመጣው ነው። ሊሙ እናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የተባሉት አምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስልምናን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ነጋዴውና ሸኹ በአንድ መንገድ እየተጓዙ ዴዴሳን ተሻገሩ። ሸኹ በሰፈረበት ቁርአን ማቅራት ይጀመራል፤ ከቁርአን ጋር ደግሞ ሉሑ ይመጣል። ሉሕ መጽሐፍ አይደለም። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ልጁ የተጻፈለትን ይቀራል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያ ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዚያ ዘመን እናትና አባት አብዛኞቹ አንድ ፊደል አይለዩም። ይሁንና ልጃቸው ዛሬ የት እንደደረሰ ያውቁ ነበር። እንዴት? ደረሳው የሚቀራው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ነው። «ቁርአን» የሚለው ስም ራሱ ከመቅራት የወጣ ነው፤ መቅራት ደግሞ የአፍም የጆሮም ሥራ ነው። እናት እሳት ዳር ሆና ትሰማለች፤ ትናንት ያለ ችግር ያለፈበት ቦታ ዛሬ ከተያዘ ታውቃለች። ሸኹም ቢሆን ልጁ በቃሉ ብቻ እያነበነበ እንዳይሆን ከሉሑ መሐል አንድ ቦታ በጣቱ ይነካና «ይቺ ምንድን ናት?» ይለዋል። ከላይ ጀምሮ እንደ ውሃ ሲያወርደው የነበረው ልጅ ያኔ ዝም ካለ ፊደሉን አልያዘም ማለት ነው።

ያንን ዘመን ግን አናሞካሸውም። አለንጋው ነበር፤ የሴት ልጆች ቁጥርም ትንሽ ነበር። ትርጉሙ የሚደርሰው ፊቅህና ነህው ፍለጋ ከሀገር ሀገር ለተንከራተቱት ጥቂቶች ነው። ብዙው ሰው ድምፁን ይዞ ቀረ። በዐረብኛ ፊደል ኦሮምኛ የሚጽፉ፣ በዐጀም መንዙማ የሚያዘጋጁ ዑለማዎች በጅማና በአካባቢው ነበሩ፤ ይህ ግን የልጆች መማሪያ አልሆነም።

ቀጥሎ የመጣው ፊደል ነው። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ኢሉባቦርን ማስተዳደር ሲጀምሩ የግብሩም የችሎቱም ወረቀት በአማርኛ ሆነ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ባሮ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ እየተጫነ ወደዚያ ወረደ፤ ግሪኮችና ሶርያውያን ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈቱ። ለሙስሊሙ ነጋዴ ወረቀት ማንበብ የኪስ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰቦች ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መላክ ይፈሩ ነበር። ፍርሃቱ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል።

በ1961 ዓ.ም. ሸኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ (አላህ ይዘንላቸው) የተረጎሙት አማርኛ ቁርአን ታተመ። ፊደል የቆጠረ ሙስሊም እስከዚያ በድምፁ ብቻ የሚያውቀውን በትርጉሙ የሚያገኝበት በር ነበር። በሩ ግን ለቆጠረው ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ 93 በመቶ ነው ይባል ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ኦሮምኛ አንዱ ነው፤ በኋላ 15 ደረሱ። ኦሮምኛው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። የዛሬዎቹ አያቶች በየቀበሌው፣ በየዛፉ ሥር ተቀምጠው የቆጠሩት ያኔ ነው። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል። ያልተሸለመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የምስክር ወረቀቱን የያዘች እናት ቤቷ ውስጥ የምታነበው ነገር አልነበራትም፤ ብዙዎች ፊደሉ ከእጃቸው ወጣ። ይህንን አንርሳው፤ ወደ ልጆቹ ስንመጣ ይጠቅመናል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ የሰፈሩት ወገኖቻችንም አሉ። በመላ አገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሲሰፍር ኢሉባቦር ከዋና ዋናዎቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር። የወሎ ሙስሊም አማርኛውንም፣ መንዙማውንም፣ ሉሑንም ይዞ መጣ። ዛሬ በመንደሮቻችን አባት በአማርኛ፣ እናት በኦሮምኛ የሚያወሩበት ቤት መኖሩ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ትልቅ ጉባኤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። በፖለቲካው ብዙ ተብሏል፤ እዚህ አንገባበትም። የንባቡን ምክንያት ግን ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። በኦሮምኛ «ላፋ» አናባቢው ሲያጥር መሬት፣ ሲረዝም ለስላሳ ማለት ነው። በፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ በቁቤ አናባቢው ስለሚደገም ወዲያው ይለያሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያደርገው ቁቤ የኢሉባቦር ልጆች የመጀመሪያ ፊደል ሆነ።

እንግዲህ የመቱን ልጅ ተመልከቱት። ጠዋት ቁቤን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። በዚያው በላቲን ፊደል እንግሊዝኛ ይማራል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። «ኤክስ» በቁቤ «ጥ» ናት፤ «ጣፊ» (ጤፍ) በእርሷ ይጀምራል። «ሲ» ደግሞ «ጭ» ናት፤ ጫላ ስሙን በእርሷ ይጽፋል። አማርኛ በትምህርት ዓይነትነት ሲመጣ ፊደል ይጨመራል። ከሰዓት መድረሳ ሄዶ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራል። ሦስት ጽሕፈት በአንድ ራስ! ልጁ «ሰነፍ ነው» ከመባሉ በፊት ይህ ይታሰብለት።

ድክመቱም በቁጥር ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በኦሮምኛ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአሥሩ አራቱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ ተከለሱ፤ ፊደላቱም ከኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ወጥተው በብዛት ከሚያገለግሉት እንዲጀምሩ ተደረገ። በ2009 ዓ.ም. ይህ በኦሮሚያ ከባድ ክርክር አስነሳ። ቁቤ የተማረው ወጣት አባት እንኳ የልጁን መጽሐፍ ሲከፍት ተራው ተለውጦ ጠበቀው።

ስንደምረው፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በአካባቢያችን ወላጅ የልጁን መጽሐፍ ማንበብ የቻለበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። አያት ሉሑን፣ አባት ፊደሉን፣ ልጅ ቁቤውን ያዘ። ልጆቹ ሙሉ በሙሉ ያልጠፉት ወላጅ ስላነበበ አልነበረም። ሲያነቡ ይሰማ ስለነበር ነው። ሌላም ትንሽ ነገር አለ፤ መብራቱ አንድ ነበር። አንድ ኩራዝ ባለበት ቤት ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ እዚያው ኩራዙ ዙሪያ ይሰበሰባል። ለብቻው ተሸሽጎ ማንበብ የሚችል ልጅ አልነበረም።

ስልክ ሁለቱንም ወሰደብን። የራሱን ብርሃን ይዞ ይዞራል፤ ማዳመጫ ከተሰካበት ደግሞ ድምፁም የልጁ ብቻ ነው። በብዙ ቤቶቻችን ስልክ ወደ ትንንሾቹ እጅ የገባው መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ነው። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጣል ተባለ፤ ያለው የሌለውም ስልኩን ለልጁ አቀበለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ የቴሌግራሙ ትምህርት ተቋረጠ። ሚሞሪ ላይ የተጫነው ጌምና ቪዲዮ ግን አልተቋረጠም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁ ተመለሰ፤ ስልኩ ለወላጁ አልተመለሰም።

ፍርሃታችንን ግን ቦታው ላይ እናድርገው። በ2014 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ በወጣውና ዩኒሴፍ በተሳተፈበት ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ በኢንተርኔት አማካይነት ደርሶባቸዋል። አድራጊውም ሁልጊዜ ሩቅ ያለ እንግዳ አይደለም፤ ልጁ የሚያውቀው ሰው የሆነበት ብዙ ነው። ስለዚህ «የማታውቀውን ሰው አታናግር» ማለት ብቻ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 በኮምፒውተር አማካይነት በልጆች ላይ የሚፈጸም እንዲህ ያለ ድርጊት ወንጀል ነው። ልጁ መጥቶ ከነገራችሁ መልእክቱን አታጥፉት፤ ማስረጃ ነውና ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አትምቱት። የተመታ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ቲክቶክም ፌስቡክም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም። 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ አካውንት ካለው ዕድሜው ተዋሽቶ ነው የተከፈተው፤ ብዙ ጊዜ የዋሸነውም እኛው ነን። በዩቲዩብ ቪዲዮው በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርግ ማጥፊያ አለ፤ አንዳንድ ይዘት የሚገድብ ማስተካከያም አለ። ሠፈር ካለ ወጣት ጋር ተቀምጣችሁ አሠሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማስተካከያው ግን ጆሮ የለውም።

እኛ በየቤታችን የጀመርነው ከድሮው የተወሰደ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ሳሎን ይቀመጣል፤ ማዳመጫ አይሰካም። የአባትየው ስልክ ነው ያስቸገረን፤ ልጆቹስ በሳምንት ለመዱት። በዚያ ሰዓት ልጁ የቁቤ መጽሐፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ኦሮምኛ የምትሰማ አያት ቁቤ ባታውቅም የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ታውቃለች። በቃሉ እያለው እንደሆነ ከጠረጠረች ሸኹ እንዳደረጉት ከገጹ መሐል አንድ ቃል በጣቷ ትነካለች። ከዚያ «ምን ማለት ነው?» ትለዋለች፤ ይህቺ ጥያቄ ሉሑ ዘመን ላይ የጎደለችው ናት። ስልክ ላይ ስላየውም ነገር ያንኑ ትጠይቀዋለች፦ «ማን ነው ያለው? ምን ፈልጎ ነው ያለው?»

ከዘመቻው የተረፈ የማንበቢያ ደብተር ያላት አንዲት እናታችን በዚህ ሰዓት አብራ መቀመጥ ጀምራለች። የልጅ ልጇ በቁቤ ያነበበላትን ተረት እሷ በፊደል ትጽፈዋለች፤ ከዚያ መልሳ ታነብለታለች። አናባቢው ማጠርና መርዘሙን በፊደል ስለማታሳይ እሱ ያርማታል። ባለፈው ሳምንት «ላፋ» ላይ ተከራክረው ዒሻ ደረሰባቸው።