ፍሬን በሌለው ሞተር፣ በ39 ዓመቱ የዓለም ቻምፒዮን፦ ቶማሽ ጎሎብ

ከዲላ ወደ ቡሌ በሞተር ወጥቶ የተመለሰ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ስፒድዌይ በሚባለው ውድድር ግን ሞተሩ ጭራሽ ፍሬን የለውም። ማርሹም አንድ ብቻ ነው። ጉልበቱ 500 ሲሲ፣ የሚጠጣው ደግሞ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል። 4 ተወዳዳሪዎች ሞላላ በሆነ የአፈር ሜዳ ላይ 4 ዙር ይጋልባሉ፣ መታጠፊያው ሁሌ ወደ ግራ ነው። ኩርባ ላይ ጋዝ ሰጥተው የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ፣ ግራ እግራቸውን (ጫማው ስር ብረት አለው) መሬት እያስነኩ ያልፋሉ። በ1 ደቂቃ አካባቢ ሁሉም ያልቃል። አንደኛው 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1፣ አራተኛው ባዶ እጁን።

ፖላንድ ውስጥ ይሄ ስፖርት ስታዲየም ይሞላል። ቶማሽ ጎሎብ የተወለደው እዚያው፣ ቢድጎሽች ከተማ፣ በ1971 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ወንድሙ ያሴክም ተወዳዳሪ ነበር።

የዓለም ሻምፒዮና ድሮ በአንድ ምሽት ፍጻሜ ነበር የሚለየው። የመጀመሪያው ፖላንዳዊ ቻምፒዮን ዬዥ ሽቻኪየልም በ1973 ያሸነፈው እንደዚያ ነው። በ1995 ግን ዓመቱን ሙሉ ነጥብ የሚሰበሰብበት ግራንድ ፕሪ መጣ። የመጀመሪያው ውድድር ቭሮትስዋፍ ላይ ተደረገ፣ ያሸነፈውም የ24 ዓመቱ ጎሎብ ነበር። ሰው ሁሉ ዋንጫው ቅርብ ነው አለ።

ቅርብ አልነበረም። በ1997 እና በ1998 ሦስተኛ ወጣ። በ1999 ነጥቡን እየመራ ወደ መጨረሻው ውድድር ሊሄድ ሲል ያው ቭሮትስዋፍ ላይ፣ ሌላ ውድድር ሲያደርግ ክፉኛ ወደቀ። ሰውነቱ ሳያገግም ዴንማርክ ሄዶ ተወዳደረ፣ ዋንጫውን ግን ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን ወሰደ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ፖላንዶች ግን የዚያን ዓመት ምርጥ ስፖርተኛችን ብለው መረጡት። በ2001 እና በ2008 እንደገና ሦስተኛ፣ በ2009 ሁለተኛ።

በ2010፣ በ39 ዓመቱ፣ ጣሊያን ቴሬንዛኖ ላይ አንድ ውድድር እየቀረ ዋንጫውን አረጋገጠ። ሁለተኛ የወጣውም የሀገሩ ልጅ ያሮስዋፍ ሃምፔል ነው። ፖላንድ ይህን ዋንጫ ካየች 37 ዓመት ሆኗት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ይከብዳል። ኤፕሪል 23 ቀን 2017 ጎሎብ ሞቶክሮስ እየተለማመደ ወደቀ፣ አከርካሪው ተጎዳ። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬን በሌለው ሞተር ሲወዳደር ኖሮ፣ የጣለው ፍሬን ያለው ሞተር መሆኑ ይገርማል። ሐኪሞች ሕይወቱን አተረፉለት፤ እግሮቹን ግን አያዝባቸውም፣ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ጎሎብ ከ2008 እስከ 2012 በተጫወተበት የጎርዞቭ ክለብ አንድ ታዳጊ አብሮት ነበር፦ ባርቶሽ ዝማርዝሊክ። በ2019 ሦስተኛው ፖላንዳዊ የዓለም ቻምፒዮን ሆነ፣ ከዚያ ወዲህም ዋንጫውን ደጋግሞ ወስዶታል።