የታማሚው አድራሻ፦ በአራዳ የካንሰር ውጤትን በካርታ ስለማስፈር

በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚኖር ታማሚ ወደ ፒያሳ ወጥቶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ቢወርድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ርቀት ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ፣ አራዳ በካንሰር ካርታ ላይ ከተሻሉት አካባቢዎች አንዱ መሆን ነበረበት። ነገር ግን አድራሻ በምን መልክ እንደተመዘገበ ሳይጣራ የሚሠራ ካርታ፣ ቅርብም ሆነ ሩቅ ስላለ ሰፈር እውነቱን አይነግረንም።

የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በጥቁር አንበሳ ሲቋቋም፣ ሥራው የከተማዋን ነዋሪዎች መመዝገብ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ነዋሪውን ከእንግዳው መለየት ነው። ከጎጃም ለሕክምና የመጣች እናት አራዳ ዘመድ ቤት ካረፈች፣ ካርዷ ላይ የሚሰፍረው የዘመዷ ወረዳ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሥር ሰዶ የመጣች ከሆነ ደግሞ ሞቷ በአራዳ ላይ ይቆጠራል። በአንጻሩ፣ ሕክምናው አልሆን ያለው የአራዳ ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ወይም ወደ ጠበል ይሄዳል፤ ስልኩም አይነሣም። በሕይወት የቆየበት ጊዜ ሲሰላ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ በሕይወት እንደነበረ ብቻ ይያዛል። ከክትትል የጠፉት ይበልጥ የሚሞቱት ከሆኑ የሰፈሩ ውጤት ያለልክ ያምራል። ሁለቱ ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢስቡም እኩል ተጣፍተው ያልቃሉ ብሎ መተማመን አይቻልም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ዘንድ ሳትቀርብ የቆየችው አራዳ ሳለች ነው እንበል፤ ለሳምንታት በተከታታይ ለሚሰጠው ጨረር የምትመላለሰው ግን ከአዲሱ ሰፈሯ ነው። የዘገየ ምርመራና የተቋረጠ ሕክምና የተለያየ መፍትሔ ስለሚሹ፣ በምርመራው ጊዜ የነበረው፣ ታማሚው በሕክምና ወቅት የሚመላለስበት፣ እንዲሁም ለረጅም ዘመን የኖረበት አድራሻ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። የመጨረሻው ትርፍ እንዳይመስል፦ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ መበርከቱ የታወቀው ታማሚዎቹ ከየት እንደመጡ በመጠየቁ ነው።

የሞት ምጣኔ የሕዝብ ብዛትን ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ካርታው ታማሚዎች ከምርመራ በኋላ በሕይወት በቆዩበት ጊዜ ቢጀምር ይሻላል፤ በሽታው የተገኘበት ደረጃም መለየት አለበት። በአንድ ወረዳ የሚገኙት ታማሚዎች ጥቂት በመሆናቸው የሁለት ሦስት ሰው ሞት በሕይወት የመቆየት ምጣኔውን ያዛባዋል። የአጎራባች ወረዳዎችን መረጃ አቀናጅቶ ማስላት መዋዠቁን ይቀንሳል፤ የቀረው የስሕተት ክልል ደግሞ ካርታው ላይ ከምጣኔው ጎን መታየት ይኖርበታል።