የነሐሴ ሽንፈት በወለጋ ከተሞች

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀመረው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ደግሞ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ የዝናብ ወር ነው። ተማሪው ለእረፍት ቤቱ ገብቷል፤ ቡናው ገና ስላልደረሰ በሰው እጅ ገንዘብ የለም፤ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ቡድኑ ውድድሩን በሽንፈት የከፈተበት ደጋፊ ንዴቱን ይዞ የሚርቅበት ቦታ የለውም። ጠዋት ቁርስ በሚበላበት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በጀበና ቡና ዙሪያ፣ ማታ በዲኤስቲቪ ቤት የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ትናንት ያሸነፈው ቡድን ደጋፊ ነው። እንዲህ ያለው ደጋፊ ሳምንታትን በሽንፈት እያሳለፈ እንዴት ይጸናል ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ ፍቅር ነው፣ ተስፋ ነው፣ ትዕግሥት ነው የሚል ነው። እኔ ግን የወለጋንና የአገራችንን የጨዋታ ታሪክ ስመለከት ሌላ መልስ አገኛለሁ። ተሸናፊውን ደጋፊ አጽንቶ የሚይዘው ዋናው ነገር የባላጋራው ብሽሽቅ ነው። ይህ ልማድም ከእግር ኳስ በፊት የነበረ፣ እግር ኳሱ ሲመጣ ተዘጋጅቶ የጠበቀው ነው።

ከኳሱ በፊት የነበረው የገና ጨዋታ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቅሌ ይለዋል። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን የሚነዱበት፣ የተጫዋቹ ቁጥር ያልተወሰነ፣ ሜዳውም ተለክቶ ያልታጠረ ጨዋታ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ወይም ሁለት ጎረቤት መንደሮች ናቸው። በገና ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካው አይጠየቅም፤ ጌታም አይቆጣም። ጀምበር ስትጠልቅ ያሸነፈው ወገን በተሸነፈው ላይ ስድብ አዘል ግጥም ያወርዳል፤ ተሸናፊው ቆሞ ይሰማል። በማግስቱ ሁለቱም በአንድ ወንዝ ውሃ ይቀዳሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይቀብራል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ የተሸነፈው የሚያጣው የመናገር መብቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም ለዘለቄታው ሳይሆን እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ 29 ነው። ሁለተኛው፣ መጥፎ አጀማመር የሚባል ነገር በዚያ አለመኖሩ ነው። ጨዋታው በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ነጥብ የሚደምር፣ ደረጃ የሚያወጣ የለም።

መጥፎ አጀማመርን የፈጠረው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ሊግ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ከእንግሊዞቹ ወታደሮች በቀር የእነዚህ ቡድኖች ደጋፊዎች የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። አርመኑ የሰፋውን ልብስ ኢትዮጵያዊው ይለብሳል፣ የግሪኩን ሸቀጥ ጣሊያኑ ይገዛል። የኢትዮጵያ ሊግ እንግዲህ የተጀመረው በጎረቤታሞች መካከል ነው፤ በዚህ ረገድ ከገና ጨዋታ የራቀ አልነበረም። የጨመረው ነገር ጊዜን ነው። ሽንፈት ከአንድ ምሽት አልፎ በወረቀት ላይ እየተመዘገበ የሚከተል ዕዳ ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጣለ ነጥብ እስከ መጨረሻው ይቆጠራል። በኋላ በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የተቀመጠው ሕዝብ ይህንን ረጅም ዕዳ የሚሸከምበትን መንገድ ከየት አገኘው? ግጥም፣ ዜማ፣ ስድብ፣ የመልስ ስድብ፤ ሁሉም ከገና ሜዳ የሚታወቁ ናቸው። በ1968 የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ የቡና ደጋፊ የጊዮርጊስን ደጋፊ ዘፈን ሲሰማ ኖሯል፤ መልስም ሳይሰጥ አልዋለም።

ወለጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ የአድማጭ ቦታ ነው። ከ1936 ጀምሮ የአገሪቱን ሻምፒዮና ካነሱ ክለቦች ውስጥ የወለጋ ከተማ ክለብ የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ታላላቆቹን ጨዋታዎች ለረጅም ጊዜ የተከታተለችው በራዲዮ ነው። በ1980 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ ለአገሬው ድሉን ያደረሰው የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነበር። ራዲዮ ግን ለብሽሽቅ የሚያመች መሣሪያ አይደለም፤ ጨዋታውን ያወራል እንጂ ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። ያንን ያደረገው ዲሹ ነው። ሰዎች በጥቂት ብር እየገቡ በአግዳሚ ወንበር ተጠባብቀው የሚያዩበት የዲኤስቲቪ ቤት ሲስፋፋ፣ አርሴናል በ1996 የውድድር ዘመን አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳበት ዝና ገና አልበረደም ነበር። በ1999 ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ሲከፈት ደግሞ ከየክፍለ አገሩ የመጣ ወጣት ቡድኑን ይዞ መጣ። የአንድ ሰፈር ልጆች የአርሴናል፣ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የቼልሲና የሊቨርፑል ተብለው ተከፋፈሉ። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የአሁኑ ድንበር ግን በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በወንድማማቾች መካከል ያልፋል።

ነሐሴ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በ2013 አርሴናል ነሐሴ 7 ቀን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገና በመጣው በብሬንትፎርድ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ነሐሴ 16 በቼልሲ 2 ለ 0፤ ነሐሴ 22 በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል፣ ዜሮ ነጥብ፣ የሰንጠረዡ መጨረሻ። የመጨረሻው ቀን ሌላም ቁስል ነበረው፤ ልክ ከአሥር ዓመት በፊት ነሐሴ 22 ቀን 2003 ነበር ማንቸስተር ዩናይትድ አርሴናልን 8 ለ 2 ያሸነፈው። የአርሴናል ደጋፊ እንቁጣጣሽን የያዘው ያለ አንድ ነጥብ ነው፤ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በዕለቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2014፣ ኖርዊችን 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ዓመቱን የጨረሰው አምስተኛ ሆኖ ነው። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ነሐሴ 7 ቀን፣ በዚያው በብሬንትፎርድ ሜዳ ማንቸስተር ዩናይትድ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከሳምንት በፊት በሜዳው በብራይተን 2 ለ 1 ተሸንፎ ስለነበር እሱም ያለ ነጥብ ሰንጠረዡን ከታች ያዘ። በመጨረሻ ሦስተኛ ሆኗል። እነዚህን ውጤቶች የዘረዘርኩት ቡድን እንደሚያንሰራራ ለማሳየት አይደለም፤ የማያንሰራራም አለ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ራሱ በ2017 የውድድር ዘመን አሥራ አምስተኛ ሆኖ ጨርሷል። ዋናው ነገር ብድሩ የሚመለስበት ፍጥነት ነው። በ2013 የተሳደበው በ2014 ተሰደበ፤ በዚያው ቤት፣ ምናልባትም በዚያው አግዳሚ ላይ። የተሸነፈው ደጋፊ የሚጠብቀው ዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ አርሴናል ከ1997 እስከ 2006 ዋንጫ ባጣበት ዘመን የዲኤስቲቪ ቤቶቹ ከአርሴናል ማልያ ይራቆቱ ነበር። አልተራቆቱም። ደጋፊው የሚጠብቀው ከዋንጫ ይልቅ የሚቀርብ ነገር አለው፤ የመናገር ተራው እስኪደርሰው ይጠብቃል።

ይህ ታማኝነት ርካሽ ነው የሚል ሰው አለ። ለንደንን ያላየ፣ ለክለቡ ሳንቲም ያልከፈለ ሰው ቡድኑ ቢሸነፍ ምን ይጎድልበታል ይላል። ተቃውሞው ገንዘብን ብቻ ስለሚቆጥር ዋናውን ክፍያ ይስታል። እንደ ነጆ ባለ ከተማ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ባለ ሱቁም፣ መምህሩም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ያውቃል። ስለዚህ ቡድኑ በተሸነፈ ሰኞ ቤቱ ካልተቀመጠ በቀር ከስድቡ አያመልጥም። ቡድን ልቀይር ቢል ደግሞ ከሽንፈቱ በስንት እጥፍ ይብስበታል፤ ሽንፈት ያልፋል፣ ቡድን ቀያሪ መባል ግን ስም ሆኖ ይቀራል። ለንደን ውስጥ የሚኖረው ደጋፊ ከስታዲየም ወጥቶ በባቡር ሰው ወደማያውቀው ሰፈር ሊገባ ይችላል፤ የነጆው አይችልም። የሚከፍለውን በገንዘብ መመዘን ስለማይቻል አይከፍልም ማለት አይደለም።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ብሽሽቅ ጠብ ይወልዳል የሚለው። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ነው። በ2010 መጀመሪያ ወልድያ ላይ ከወልድያና ከመቀሌ ጨዋታ በፊት የተነሳው ሁከት፣ ከዚያም የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ ወደ ገለልተኛ ሜዳ መወሰዱ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። በእኔ ግምት ግን ያ ዘመን የሚመሰክረው በብሽሽቅ ላይ አይደለም። በዚያ የተጋጩት በማግስቱ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። አንዱ በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ የሚመለስ፣ ክለቡም የክልልና የብሔር ስም የተሸከመ፣ ስድቡም ስለ ጎልና ስለ በረኛ መሆኑ ቀርቶ ስለ ትውልድና ስለ ፖለቲካ የሆነ ነበር። የገና ጨዋታ ልማድ ስድብን የፈቀደው ተሰዳቢና ተሳዳቢ ነገ በአንድ ገበያ እንደሚገናኙ ስለሚያውቅ ነው። ያ ዋስትና ሲጠፋ ስድቡ የሚመለስበት ተራ አይኖረውም፤ ተራ የሌለው ስድብ ደግሞ ከዱላ በቀር መልስ አያገኝም። በዲኤስቲቪ ቤትም ጠብ ተነስቶ ያውቃል፤ ግን ወንበር የሚወረወርበት ምሽት ጥቂት ነው፣ ተጨቃጭቀው ሻይ የሚጠጡበት ምሽት ደግሞ ብዙ።

ስድብ ተራ የሚያገኘው በሚገናኙ ሰዎች መካከል ስለሆነ፣ ስለ አገር ቤቱ ክለብ ሳስብ አዝናለሁ። ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ለቴሌቪዥን ስርጭት ሲባል ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በየዙሩ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱበት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳን አዳርሷል። ነቀምቴ ከተማ ሲወዳደርበት የቆየው ከፍተኛ ሊግም በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ተገቢ ነው፤ የጉዞ ወጪ ይቀንሳል፣ የጸጥታ ስጋት ይቃለላል። በተለይ ለወለጋ መንገዱ ለብዙ ጊዜ አስተማማኝ ስላልነበረ ክለብን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ዋጋው መታወቅ አለበት። የነቀምቴ ቡድን የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ቢሸነፍ የሚሸነፈው በሌላ ከተማ፣ የነቀምቴ ሰው በሌለበት ሜዳ ነው። ወሬው በስልክ ይደርሳል፤ ቁጥር ብቻ ነው። ማንም በማንም ላይ አይዘፍንም፣ ማንም መልስ አይፈልግም። በሜዳው የተሸነፈ ቡድን ይሰደባል፤ በሩቅ የተሸነፈ ቡድን ይረሳል፤ ለክለብ መረሳቱ ይከፋል።

ደጋፊ በአካል መገኘቱ ምን እንደሚያደርግ በሌላ አገር የታየ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ፤ በዚያ ስፖርት ታሪክ እንዲህ ያለ አጀማመር አልታየም። አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ሜይ 2 ቀን ወደ ሜዳው ሲመለስ ግን 50,402 ተመልካች ጠበቀው። ያ ሕዝብ ዋንጫ አልጠበቀም፤ ቡድኑም ዓመቱን ከምድቡ መጨረሻ ነው የጨረሰው። የሄደው ሜዳው በከተማው ስለነበረ፣ ሽንፈቱንም ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራበት ስለከረመ ነው።

በወለጋ ከተሞች ይህንን ልማድ ከሩቅ ሜዳ ይልቅ በቅርብ የሚፈታተነው የውርርድ ቤቱ ነው። በብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ የተስፋፉት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ለወጣቱ ሌላ ዓይነት ዝምድና ሰጥተውታል። ትኬት የቆረጠ ሰው በአንድ ቅዳሜ የስምንትና የአሥር ቡድኖች ደጋፊ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የማንም አይደለም። አርሴናል በነሐሴ ሦስት ጊዜ ቢሸነፍ በአራተኛው ተቃራኒውን ይመርጣል። ብሽሽቅም አይሠራበትም፤ ምክንያቱም የጠፋበት ብር እንጂ የመናገር ተራ አይደለም፣ ብር ደግሞ ጎረቤት ተሰድቦ አይመለስም። አንዳንዶች ውርርድ ደጋፊን ያበዛል ይላሉ፤ ቤቶቹ መሙላታቸው እውነት ነው። ግን የሞላው ቤት ጸጥ ብሎ ስልኩን የሚያይ ሰው ከሆነ የበዛው ተመልካች ነው። ስለዚህ የከፍተኛ ሊጉን መርሐ ግብር የሚያወጡ ሰዎች፣ መንገዱና ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ሁሉ፣ ቢያንስ የጥቅምትና የኅዳር ጨዋታዎችን ለየከተማው ሜዳ ቢመልሱ ያዋጣል። ቡና የሚለቀምበት፣ በጊምቢና በነቀምቴ ሰው ለመግቢያ የሚከፍለው ብር በኪሱ ያለበት ወቅት ያ ነው፤ ቡድኑ ቢሸነፍም የሚሰድበው ሰው በሜዳው ዙሪያ ይኖራል።