ሞስኮ ላይ የተነሣ ጥያቄ
አልበርት አይንስታይን በ1916 የስበት ሞገድ መኖር አለበት ብሎ ሲጽፍ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቀን ይለካል ብሎ ያሰበ እምብዛም አልነበረም። በ1960ዎቹ ግን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ዌበር ግዙፍ የአሉሚኒየም ግንዶችን አንጠልጥሎ፣ ሞገዱ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ንዝረት መጠባበቅ ያዘ። በ1969 አገኘሁ አለ። በየአገሩ ተመሳሳይ መሣሪያ ተሠራ፤ ውጤቱን ደግሞ ያገኘ ግን አልተገኘም።

ሊያጣሩ ከተነሡት አንዱ የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቭላድሚር ብራጊንስኪ ነበር። እሱም ምንም አላገኘም። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌሎች ልብ ያላሉትን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። መሣሪያው እንከን ባይኖረው፣ የሙቀት ንዝረት ቢጠፋ፣ ምድርም ጸጥ ብትል፣ ልኬቱ እስከ የት ይጠራል? ለዚህ የሰጠው መልስ ዛሬ መደበኛው የኳንተም ገደብ ይባላል።

የጥያቄው ሥር ቨርነር ሃይዘንበርግ ዘንድ ያደርሳል። ሃይዘንበርግ በ1923 ሙኒክ ውስጥ ለዶክትሬት የቃል ፈተና ቀርቦ ሳለ፣ ቪልሄልም ቪን ስለ ኢንተርፌሮሜትርና ስለ ማይክሮስኮፕ አጥርቶ የማሳየት አቅም ጠየቀው። ወጣቱ መልስ አጣ፤ ከመውደቅ የተረፈውም ለጥቂት ነው። በ1927 የኢ-እርግጠኝነት መርሁን ሲያወጣ ለማስረጃ ያመጣው ምሳሌ ያው ማይክሮስኮፕ ሆነ። ኤሌክትሮን የት እንዳለ ለማየት ብርሃን ማሳረፍ ግድ ነው፤ ያረፈው ብርሃን ደግሞ ኤሌክትሮኑን ገፍቶ አካሄዱን ያዛባዋል። ኒልስ ቦር በምሳሌው አተናተን ላይ ስሕተት አግኝቶ አርሞታል፤ መርሁ ግን ጸና።

ብዙዎች ሕጉን ለአቶምና ለኤሌክትሮን ብቻ ትተውት ነበር። ብራጊንስኪ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ግንድም ከሕጉ እንደማያመልጥ አሳየ። ትልቅ ድፍረት ነው። ከካሊፎርኒያው ኪፕ ቶርን ጋር ሆኖም ገደቡን በሕጋዊ መንገድ ማለፊያ ዘዴ ሲፈልግ ኖረ።

በዚህ መሐል የግንዶቹ ዘመን አልፎ የሌዘር ዘመን መጣ። የኤምአይቲው ሬይነር ዋይስ በ1972 ባወጣው ዘገባ አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ተከፍሎ፣ በሁለት ክንዶች ጫፍ ካሉ መስተዋቶች ነጥሮ ሲገናኝ፣ የክንዶቹ ርዝመት ልዩነት እንዴት እንደሚነበብ በዝርዝር አስቀመጠ። ችግሩ ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ነጠላ ቅንጣቶች መምጣቱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አመጣጡ ወጥ አይደለም። ሌዘሩን ቢያጠነክሩት የቆጠራው መዋዠቅ ከምልክቱ አንጻር ያንሳል፤ ያው ጠንካራ ብርሃን ግን መስተዋቶቹን ባልተስተካከለ ግፊት ያናውጣል። አንዱን ሲያስታግሡ ሌላው ይነሣል፤ ገደቡ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

የቶርን ተማሪ የነበረው ካርልተን ኬቭስ በ1981 አስደናቂ ነገር ጻፈ። የረብሻው ምንጭ ሌዘሩ ሳይሆን ባዶ በተተወው የመሣሪያው በር የሚገባው ባዶነት ራሱ ነው፤ ባዶ ቦታም በኳንተም ሕግ ፍጹም ጸጥታ የለውምና። መፍትሔው በዚያ በር የተጨመቀ ብርሃን ማስገባት ነው አለ። የተጨመቀ ብርሃን ማለት መዋዠቁ በአንድ በኩል ተቀንሶ በሌላ በኩል እንዲጨምር የተደረገ ብርሃን ነው። የሃይዘንበርግ ሕግ አልተጣሰም፤ የማያስፈልገው ወገን ጫናውን ተሸከመ እንጂ። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1985 እንዲህ ያለውን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠሩ። ጀርመን ውስጥ ሃኖቨር አቅራቢያ ያለው ጂኢኦ600 የተባለ የስበት ሞገድ መለኪያ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለው።

የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የተያዘው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። የያዙት በአሜሪካ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን የሚገኙት ላይጎ የተባለው የሌዘር መለኪያ ሁለት ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ክንዶችና 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ መስተዋቶች አሏቸው። የለኩት የርዝመት ለውጥ ከፕሮቶን ስፋት እጅግ ያነሰ ነው። ላይጎ የተጨመቀ ብርሃንን በመደበኛ ምልከታው መጠቀም የጀመረው በ2019 ነው። በ2023 ደግሞ 300 ሜትር የሚረዝም የብርሃን ማጣሪያ ጨመረ፤ ይህም መጭመቂያው በከፍተኛ ድግግሞሽ የፎቶን ቆጠራውን፣ በዝቅተኛው የመስተዋቱን ግፊት እንዲያስታግሥ ያደርገዋል። በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣው ውጤት መሠረት፣ የሊቪንግስተኑ መሣሪያ ከ35 እስከ 75 ኸርዝ ባለው ክልል የኳንተም ረብሻውን ከመደበኛው ገደብ በታች እስከ 3 ዴሲቤል አወረደው።

ብራጊንስኪ ይህን አላየም። ያረፈው የመጀመሪያው ግኝት ይፋ በሆነ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ማርች 2016 ነው። የ2017 የኖቤል ሽልማት ለዋይስ፣ ለቶርንና ለባሪ ባሪሽ ተሰጠ፤ ይገባቸዋልም። የልኬት ታሪክ ሲጻፍ ግን፣ መሣሪያው ሳይሠራ ገደቡን ያየው የሞስኮው ሰው ከሦስቱ ጎን መቀመጥ አለበት።